የነርሲንግ አመራር የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ማመልከቻ፦ የድሬዳዋና የሐረር ነርሶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በድሬዳዋ በድል ጮራ ወይም በሳቢያን፣ በሐረር ደግሞ በሕይወት ፋና ወይም በጁገል ሆስፒታል የሚሠሩ ነርሶች በነርሲንግ አመራር የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ለመማር ሲያስቡ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። እኔም በሄድ ነርስነት (በአንድ ክፍል የነርሶች ኃላፊነት) እየሠራሁ በዚሁ መንገድ ያለፍኩ በመሆኔ፣ ባልደረቦቼ በየጊዜው የጠየቁኝን ከነመልሱ እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ትኩረቴ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት በሚሰጧቸው ፕሮግራሞች ላይ ነው፤ ሥራችንንና ቤተሰባችንን ሳንለቅ ልንከታተላቸው የምንችለው እነዚህን ነውና።

ይህ ሰርተፍኬት ምንድን ነው? ከማስተርስ ዲግሪ በምን ይለያል?

«ሰርተፍኬት» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ የሦስትና የአምስት ቀን ሥልጠና ሲያልቅ የሚሰጠውን ወረቀት ስለሚያስታውስ ብዙዎች ነገሩን አቅልለው ያዩታል። የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ግን በማስተርስ ደረጃ የሚሰጡ መደበኛ ኮርሶች ስብስብ ነው፤ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ክሬዲት፣ ማለትም ከ4 እስከ 6 ኮርስ ይይዛል፤ እየሠራ የሚማር ሰው በአንድ ዓመት ወይም ትንሽ አለፍ ባለ ጊዜ ይጨርሰዋል። የሰው ኃይል ምደባ፣ የበጀትና የጤና ፋይናንስ፣ የጥራት ማሻሻያና የታካሚ ደኅንነት፣ የጤና ፖሊሲና ሕግ፣ እንዲሁም ለውጥን የመምራት ትምህርቶች በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ሰርተፍኬቱ ዲግሪ አይደለም። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የተወሰዱት ክሬዲቶች ኋላ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ፕሮግራም ሲገቡ ይያዙልዎታል፤ በሌሎቹ ግን አይያዙም። ማስተርስ የመቀጠል ሐሳብ ካለዎት ምን ያህሉ ክሬዲት፣ እስከ ስንት ዓመት ድረስ እንደሚያዝ ከመመዝገብዎ በፊት በኢሜይል ጠይቀው መልሱን ያስቀምጡ።

ለማመልከት ምን ዓይነት የትምህርት ዝግጅት ያስፈልጋል?

መሠረታዊው መስፈርት በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ማስተርስ ላላቸው ብቻ የተዘጋጁ ስለሆኑ የፕሮግራሙን መግለጫ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በደረጃ 4 ወይም በዲፕሎማ ብቻ ለሚሠራ ነርስ በሩ ገና አልተከፈተም። በዲፕሎማ ጀምረው በአድቫንስድ ስታንዲንግ (ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ በሚያሳድግ ፕሮግራም) ዲግሪ የያዙ ባልደረቦች ማመልከት ይችላሉ፤ ነገር ግን የማስረጃ ገምጋሚዎች የዲግሪውን ብቻ ሳይሆን የዲፕሎማውንም ትራንስክሪፕት ሊጠይቁ ስለሚችሉ ሁለቱንም አብረው ያስወጡ። በውጤት በኩል ከ4.00 ቢያንስ 3.00 የሚጠይቁት ይበዛሉ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ውጤት ያለው አመልካች የሥራ ልምዱ ታይቶ በቅድመ ሁኔታ የሚገባባቸውም ስላሉ 2.80 ያለው ሰው ሳይጠይቅ ተስፋ እንዳይቆርጥ አሳስባለሁ።

የአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ ከሌለኝ አይቀበሉኝም?

ከሁሉ በፊት መጣራት ያለበት ጉዳይ ይህ ነው። በርካታ የአሜሪካ ፕሮግራሞች በአንድ የአሜሪካ ግዛት የተመዘገበ፣ ያልተገደበ የነርስነት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሌሎቹ ደግሞ በተለይ ከታካሚ ጋር የሚያገናኝ የተግባር ልምምድ የሌላቸው የአመራር ፕሮግራሞች፣ አመልካቹ በሚሠራበት አገር የጸና የሙያ ፈቃድ መያዙን ብቻ ይቀበላሉ። ይህን ሳያጣሩ የማመልከቻ ክፍያ የፈጸሙ፣ ክፍያውም ያልተመለሰላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ለመግቢያ ጽሕፈት ቤቱ የሚላከው ጥያቄ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል፦ በኢትዮጵያ የተመዘገብኩ ነርስ ነኝ፤ የአሜሪካ ፈቃድ የለኝም፤ በዚህ ሁኔታ ላመልክት እችላለሁ ወይ? እግረ መንገድዎንም የሙያ ፈቃድዎ የማደሻ ጊዜ አለማለፉን ያረጋግጡ፤ ጊዜው ያለፈበትን ፈቃድ ማንም አይቀበልም።

ፕሮግራሙ ትክክለኛ ዕውቅና ያለው መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

በአሜሪካ ሁለት ዓይነት ዕውቅና አለ። አንደኛው ለዩኒቨርሲቲው በጠቅላላ የሚሰጥ ነው፤ ይህንን የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር በኢንተርኔት በከፈተው የመረጃ ቋት ውስጥ የዩኒቨርሲቲውን ስም በመፈለግ በነጻ ማየት ይቻላል። ሁለተኛው ለነርሲንግ ትምህርት የሚሰጠው ሲሆን በዋናነት የሚታወቁት ሰጪዎች ሲሲኤንኢ (CCNE) እና ኤሲኢኤን (ACEN) ይባላሉ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ነጥብ አለ፦ ሲሲኤንኢ ዕውቅና የሚሰጠው ለዲግሪ ፕሮግራሞችና ለከፍተኛ የክሊኒካል ነርሶች የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬቶች እንጂ ለአመራር ሰርተፍኬት ለብቻው አይደለም። ስለዚህ የአመራር ሰርተፍኬቱ ስም በዝርዝሩ ላይ አለመገኘቱ ትምህርቱን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ መታየት ያለበት ዩኒቨርሲቲው ራሱና የነርሲንግ ትምህርት ቤቱ የዲግሪ ፕሮግራሞች ዕውቅና ያላቸው መሆኑ ነው።

ገንዘብ ተቀብለው «እኛ እናስገባችኋለን» የሚሉ አገናኞችን በተመለከተ ምክሬ ግልጽ ነው። ማመልከቻው በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ በአመልካቹ እጅ የሚሞላ ነው፤ በኢሜይልዎና በይለፍ ቃልዎ ሌላ ሰው እንዲገባ አይፍቀዱ።

እዚህ አገር ለደረጃ ዕድገት ይያዝልኛል?

ከውጭ የሚመጣ የትምህርት ማስረጃ የአቻነት ግምት የሚያገኘው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሰርተፍኬቱ ዲግሪ ስላልሆነ የማስተርስ ደመወዝ ያስገኝልኛል ብለው አይጀምሩት። ለማትሮንነት (ለሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊነት) ወይም ለነርሲንግ ዳይሬክተርነት በሚደረግ ውድድር ላይ በሥልጠናነት ይያዝ እንደሆነ ግን የሆስፒታልዎን የሰው ሀብት አስተዳደር በማመልከቻ ጠይቀው በደብዳቤ መልስ ያግኙ። በቃል የተሰጠ «ችግር የለውም» ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ትራንስክሪፕትና ሌሎች ማስረጃዎችን መቼ ማዘጋጀት ልጀምር?

ማመልከቻው ከመዘጋቱ ቢያንስ 6 ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ፤ ማመልከቻዎች በብዛት የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ነው። በእጅዎ ያለው ስቱደንት ኮፒ አያገለግልም። የሚፈለገው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው፤ ይኸውም ከተማሩበት ተቋም ሬጅስትራር በታሸገና ማኅተም ባረፈበት ፖስታ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ በቀጥታ ለተቀባዩ የሚላክ ነው። ተቋሙ ይህን ከማድረጉ በፊት የወጪ መጋራት ዕዳዎን መክፈልዎን ወይም በአገልግሎት ማካካስዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ይህን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማውጣት ራሱ ቀናት ይወስዳል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ትራንስክሪፕቱ እንደ ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ባሉ ገምጋሚዎች ወይም ለነርሶች በሚታወቀው ሲጂኤፍኤንኤስ (እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ትሩሜሪት ተብሏል) በኩል ኮርስ በኮርስ እንዲገመገም ስለሚፈልጉ፣ ፖስታው የሚላከው ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሁን ወደ ገምጋሚው አስቀድመው ይለዩ።

ከሁሉ የከፋው የስም አጻጻፍ ነው። «መሐመድ» የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል ቢያንስ በአራት መልክ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ሌላ፣ በሙያ ፈቃዱ ሦስተኛ ዓይነት ይሆናል። በእኔ ትራንስክሪፕት ላይ ከአያቴ ስም አንድ ፊደል ጎድላ ነበር፤ የተማርኩበት ተቋም እርማቱን እስኪሰጠኝ ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ የዚያን ዓመት ማመልከቻም አመለጠኝ። ስለዚህ ዛሬውኑ ፓስፖርትዎን፣ ዲግሪዎን፣ ትራንስክሪፕትዎንና የሙያ ፈቃድዎን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ልዩነት ካገኙ ሬጅስትራሩ እንዲያርም ያመልክቱ፤ ማረም ካልተቻለ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ማስረጃ ያዘጋጁ። በማመልከቻ ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ ፓስፖርትዎ ላይ በዚያው ረድፍ የተጻፈውን ያስገቡ፤ በየቅጹ አንድ ጊዜ የአባትን፣ ሌላ ጊዜ የአያትን ስም መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያስመስላል።

የቀን አቆጣጠርም ጥንቃቄ ይሻል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ደግሞ 8 ይጨመራል። በሰኔ 2008 የተመረቀ ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፤ በኅዳር 2008 ሥራ የጀመረ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቅጹ ደግሞ በአውሮፓውያን ተሞልቶ ሳይብራራ ሲቀር፣ ገና ሳይመረቅ ሲሠራ የነበረ ነርስ ያስመስላል።

የእንግሊዝኛ ፈተና መውሰድ ግዴታ ነው?

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ካቀረቡ ከፈተና ነጻ ያደርጋሉ፤ ትራንስክሪፕት ሲያስወጡ ደብዳቤውንም አብረው ይጠይቁ። ይህን የማይቀበሉት ቶፍል፣ አይኢኤልቲኤስ ወይም ዱዮሊንጎ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። ዱዮሊንጎ በቤት ውስጥ በኮምፒውተር የሚወሰድ በመሆኑ የአዲስ አበባን ጉዞ ያስቀራል፤ ነገር ግን መብራት ወይም ኔትወርክ ከተቋረጠ ፈተናው ይበላሻልና አስተማማኝ ቦታ ይምረጡ።

የዓላማ መግለጫው ላይ ምን ልጻፍ?

ረዘም አድርጌ ልመልሰው የምፈልገው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ውጤትና ልምዳቸው ተቀራራቢ የሆኑ አመልካቾችን የሚለየው ይህ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው።

አንዲት ባልደረባዬ የመጀመሪያ ረቂቋን ስታሳየኝ «ከልጅነቴ ጀምሮ የታመመ ሰው መርዳት እወድ ነበር» ብላ ጀምራ፣ ነርሲንግ ክቡር ሙያ መሆኑን በሦስት አንቀጽ አብራርታ ነበር። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማንኛዋም ነርስ ልትጽፈው ትችላለች። ሄድ ነርስ ከሆነች በኋላ በዋርዷ ምን እንደቀየረች ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና የርክክቡን ነገር ነገረችኝ። የጠዋቱ 2 ሰዓት መድኃኒት ልክ በርክክብ ሰዓት ላይ ስለሚውል፣ የሌሊቱ ተረኛ ለቀኑ እየተወው፣ የቀኑ ደግሞ «ሌሊት ተሰጥቷል» እያለ፣ ሳይሰጥ የሚያልፍበት ቀን ነበር። እሷም ርክክቡን ከነርሶች ጠረጴዛ አንስታ ወደ አልጋው ዳር ወሰደችው። ሁለቱ ተረኞች የመድኃኒት ካርዱን ከፍተው በታካሚው ፊት ጮክ ብለው ያነባሉ፤ የ2 ሰዓቱን ማን እንደሚሰጥ እዚያው ይነጋገራሉ፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። መጀመሪያ ላይ ሌሊቱን በሥራ ያሳለፉት ነርሶች የሚወጡበት ሰዓት ዘገየብን ብለው አጉረመረሙ፤ እሷም ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ቀድማ እየገባች አብራቸው አልጋ ለአልጋ ዞረች። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ያለ እሷም ቀጠለ።

የዓላማ መግለጫዋ ይህ ነበር፤ እሷ ግን «ይኼ እኮ ሥራዬ ነው» ብላ ሳትጽፈው ቀርታ ነበር። ብዙዎቻችን አመራር ማለት ቢሮና ማኅተም ስለሚመስለን በየቀኑ የምንመራውን አንቆጥረውም። እርስዎም ከሥራዎ አንድ ችግር ይምረጡ፤ ምን እንዳዩ፣ ማን እንደተቃወመ፣ ምን እንዳደረጉና ምን ሳይሳካ እንደቀረ ይጻፉ። ያልተሳካውን መጻፍ አያሳፍርም፤ ትምህርቱን ለምን እንደፈለጉት ከሁሉ አስበልጦ የሚያስረዳው እሱ ነው።

የአካባቢያችን ታሪክም የሚነገር ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የያዘው የችኩንጉንያ ወረርሽኝ በድሬዳዋ ሲነሣ በሥራ ላይ የነበራችሁ ነርሶች፣ ባልደረቦቻችሁ ራሳቸው በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ተይዘው ሲቀሩ የተራ ፕሮግራሙን እንዴት እንደሸፈናችሁት፣ ማንን ከየትኛው ክፍል እንዳዛወራችሁ አስታውሱ። የሰው ኃይል ምደባ የሚባለውን ትምህርት ያለ መጽሐፍ የተማራችሁበት ጊዜ ነውና ይጻፍ። የወረርሽኙን ታሪክ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሳችሁ ወደ ራሳችሁ ውሳኔ እለፉ።

የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም ማንነቱን የሚያስለይ ዝርዝር በጽሑፉ ውስጥ አይግባ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ወይም ለሌላ ሰው ተከፍሎ የተጻፈ መግለጫም አይላክ፤ ከተደረሰበት ማመልከቻውን ያሰርዛል።

የድጋፍ ደብዳቤ ከማን ላምጣ?

ሁለት ወይም ሦስት ይጠየቃሉ፤ አንዱ ከቅርብ አለቃዎ፣ ለምሳሌ ከማትሮንዎ፣ ሌላው ካስተማረዎት መምህር ቢሆን ጥሩ ነው። በእኛ ልማድ የድጋፍ ደብዳቤ «ታታሪ፣ ታማኝና ሥራ ወዳድ» በሚሉ ቃላት ይሞላል፤ አንባቢው የሚፈልገው ግን አንድ የታየ ሥራ ነው። አንዳንድ ኃላፊዎች በሥራ ብዛት «አንተው ጻፈውና ልፈርም» ይላሉ። ይህን በአክብሮት አልፈው፣ በእርሳቸው ሥር የሠሯቸውን ሦስት አራት ሥራዎች በአንድ ገጽ ጽፈው ቢሰጧቸው ደብዳቤውን በራሳቸው ቃል ለመጻፍ ይቀልላቸዋል።

ሌላው እንቅፋት ኢሜይል ነው። ደብዳቤው በቀጥታ ከጻፊው የሚላክ ሲሆን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይጠይቃሉ፤ አብዛኞቹ ኃላፊዎቻችን ግን የሚጠቀሙት ጂሜይል ወይም ያሁ ነው። ደብዳቤው የሆስፒታሉ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት እንዲላክ ያድርጉ፤ ምክንያቱንም ለመግቢያ ጽሕፈት ቤቱ አስቀድመው ያስረዱ። መልእክቱ ወደ አላስፈላጊ ደብዳቤዎች ሳጥን ገብቶ ሳምንታት ሊቀመጥ ስለሚችል ጻፊው እንዲፈልጉት በትሕትና ያስታውሱ።

ወጪው ምን ያህል ነው?

የአንድ ክሬዲት ክፍያ እንደየዩኒቨርሲቲው ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ 1,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ለ12 ክሬዲት ሲሰላ ለአንድ ነርስ ደመወዝ እጅግ ከባድ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሸክሙ ይበልጥ ከብዷል። የአሜሪካ መንግሥት የተማሪዎች ብድር ለውጭ አገር ዜጎች አይሰጥም። ስለዚህ ስኮላርሺፕና የክፍያ ቅነሳ መኖሩን ከማመልከትዎ በፊት ይጠይቁ፤ የማመልከቻ ክፍያውን የሚያነሡላቸው አመልካቾችም አሉ፤ የሚያገኘው ግን የጠየቀ ነው። ለባንክ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ የመግቢያ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ (ኢንቮይስ) ከዩኒቨርሲቲው ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ማስረጃ ለማስገምገም ብዙ ማውጣትን አልመክርም።

የማመልከቻ መዝጊያ ሰዓቱንና የክፍል ሰዓቱን እንዴት ላስላ?

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት ጥር መጨረሻ ቀን ላይ ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ የሚዘጋ ማመልከቻ እኛ ዘንድ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። በእነርሱ በጋ ልዩነቱ ከ8 ወደ 7 ሰዓት ስለሚወርድ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ይህን እንደ አንድ ትርፍ ሌሊት አይቁጠሩት፤ ከሦስት ቀን በፊት ያስገቡ።

የቀጥታ ክፍል ካለ ስሌቱ ይከብዳል። እዚያ ከሥራ በኋላ ምሽት 12 ሰዓት የሚጀመር ትምህርት በክረምታቸው እኛን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያገኘናል። የሌሊት ተራ እየገባ ይህን የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ተቀርጾ የሚቀመጥ፣ በራስ ጊዜ የሚታይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን እንዳይቸገሩም ቪዲዮውን አስቀድሞ ማውረድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

በዚህ ሰርተፍኬት የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ማግኘት እችላለሁ?

አይችሉም። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥ ፕሮግራም ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን ቅጽ አያስገኝም።

ዕድሜዬ 45 አልፏል፤ ይቀበሉኛል?

የዕድሜ ገደብ የለም። በዚህ ሙያ ረጅም የዋርድ ልምድ ተፈላጊ ነው።

እዚሁ ማስተርስ ብማር አይሻለኝም?

ለአንዳንዶች ይሻላል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ ከድሬዳዋም ቢሆን በደንገጎ በኩል ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። የአገር ውስጥ ማስተርስ ለመግባት ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ በመንግሥት ስፖንሰርነት ከሆነም ተመርቀው የሚያገለግሉበትን ዓመት የሚወስን ውል ይፈርማሉ። ግብዎ የደመወዝ ደረጃ፣ መምህርነት ወይም ምርምር ከሆነ ማስተርሱን ይምረጡ። አሁን በእጅዎ ያለውን ዋርድ ወይም ክፍል በተሻለ ለመምራት ከሆነ የሚፈልጉት፣ ሰርተፍኬቱ በአጭር ጊዜ ያደርሰዎታል።

ማመልከቻዬ ውድቅ ከተደረገስ?

በጨዋ ቋንቋ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ የመግቢያ ጽሕፈት ቤቶች ይመልሳሉ። የጎደለው ሰነድ ከሆነ ቀጣዩ ሴሚስተር ሩቅ አይደለም፤ የተገመገመው ትራንስክሪፕትም ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊላክ ይችላል። ምክንያቱ ዝቅተኛ ውጤት ከሆነ፣ በፕሮግራሙ ሳይመዘገቡ አንድ ኮርስ ብቻ መውሰድ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በዚያ ኮርስ የተገኘ ጥሩ ውጤት በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ ከትራንስክሪፕትዎ ጋር አብሮ ይታያል።